ሆኣ ብዬ ሆራ

እናቴ ሰበታ ያለውን ቤታችንን «ቤትህ» ትለው ነበር። «ቤትህ ውሃ ሄደ»፣ «ቤትህ በር ላይ ባጃጅ ቆሟል»፣ «ቤትህ ይበርዳል»። ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ «ቤታችን ይበሉ እንጂ፣ እማማ» ብላ በቀልድ ልታርማት ሞክራለች። እናቴ ፈገግ ብላላት ማታ ላይ «ቤትህ መብራት ጠፋ» ትለኛለች።

ከመሐል አዲስ አበባ ካመጣኋት ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ሃምሳ ዓመት የኖረችበት የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ጎረቤቶቿ ተያይዘው አንድ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እድራቸውን እንኳ አላፈረሱም። እሷን ግን እኔ ከነጓዟ ጭኜ፣ ዓለም ገናን አሳልፌ ሰበታ አመጣኋት። ትልቅ ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር። ግቢ አለኝ፣ ጎመን የምትተክልበት መደብ አለ፣ የልጅ ልጆቿ እግሯ ሥር ናቸው። ሌላ ምን ያስፈልጋታል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ምንም ብዬም ራሴ መለስኩ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ ሰው ከጻፈው ውስጥ የተገደፈች ፊደል መፈለግ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው ራሱ የማይሳሳት ይመስለዋል። በዚያ ላይ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ መጠበቅ አልችልበትም። ባለቤቴ ወሬ ስትጀምርልኝ ቆም ትልና «ቀሪውን አንተ ጨርሰው» ብላ ወደ ማድቤት ትሄዳለች። እኔም እጨርሰዋለሁ።

ሰበታ ከገባች ወዲህ የእናቴ ጉልበት ከዳት። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መስገዱን ተወች፤ ቀጥሎ መሄዱንም ተወችው። ከግቢ የምትወጣው ከጎረቤታችን ጋር አጥር ጥግ ለመቀመጥ ብቻ ሆነ። ጎረቤታችን በዕድሜ እኩያዋ የሚሆኑ የገበሬ ሚስት ናቸው፤ ሰፈሩ ጤፍ ይዘራበት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የምንነጋገረው፤ አልፎ አልፎም ኦሮምኛ ያስተምሩኛል። እሷና እሳቸው ሲቀመጡ በመስኮት ሁለት ነጠላ ይታየኛል፤ ድምፃቸው አይሰማኝም። ምን እንደሚያወሩ አስቤም አላውቅ።

መስከረም ላይ፣ ምሳ እየበላን፣ እናቴ ከህዳር ሚካኤል በኋላ ወንድሟ ጋ እንደምትሄድ ነገረችን። ወንድሟ ከሱሉልታ ማዶ፣ እሷ የተወለደችበት ገጠር ነው ያለው። ከዚያ የወጣችው በስምንት ዓመቷ፣ አክስቷ አዲስ አበባ ሲያመጧት ነው። ለስንት ጊዜ እንደምትሄድ አልተናገረችም። በማግስቱ ግን ልብሷን ስታጣጥፍ፣ የማትፈልገውን ለይታ ለባለቤቴ ስትሰጥ አየሁ። ጥላን ልትሄድ ነው አልኩ። ጉልበቷ ቢሻላት፣ አንዴ እንኳ ከልቧ ብትስቅ፣ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ መላ መፈለግ ያዝኩ።

መላው ፍል ውሃ ነበር። የድሮ ቤታችን ከከተማው ፍል ውሃ ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይነጋ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ይወርዱ ነበር። ልጅ ሳለሁ እኔንም ትወስደኝ ነበር። ወረፋ ጠብቀን ስንገባ ውሃው ያንገበግበኛል፤ እየጮህኩ ስታሸኝ ሴቶቹ ከየክፍሉ ሆነው ይስቁብኛል። ስንመለስ ፊቷ ቀልቶ፣ እርምጃዋ የኮረዳ ይሆን ነበር። «ያ ውሃ ቢገኝ ጉልበቴ ይመለስ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ።

ታዲያ እዚያው አትወስዳትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሺ አትልም። የፈረሰውን ሰፈር በዓይኔ አላይም ብላ ምላለች። ሆስፒታል ስወስዳት እንኳ በዚያ በኩል ካለፍን ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትጥላለች። ስለዚህ ሌላ ፍል ውሃ ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱም በስልኬ መጣልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የላከልኝ ፎቶ ነው። ሱሉልታ አካባቢ ያለ ሆቴል፣ ከጀርባው ሜዳ፣ ሜዳው መሐል ውሃ፣ ከውሃው ላይ ነጭ እንፋሎት ይነሳል። ከሥሩ በላቲን ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ማስታወቂያ አለ። ከእሱ የገባኝ «ሆቴል» እና «ሆራ» የሚሉት ብቻ ናቸው። ሆራ የቢሾፍቱ ሐይቅ ስም እንጂ ትርጉም ያለው ቃል አይመስለኝም ነበር። ሆቴሉን በሐይቁ ስም ሰይመውታል አልኩና አለፍኩት።

ደወልኩ። ኦሮምኛዬ ከጎረቤታችንና ከሚኒባስ የለቀምኳቸው አርባ ቃላት ናቸው። አርባ ቃል ያለው ሰው ደግሞ አንድ ሺህ ካለው ይልቅ መናገር ይወዳል። ሻይ ቤት ውስጥ «ቢሻን ሆኣ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሙቅ ውሃ ማለት ነው። እናቴ አጠገቤ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እንድትሰማልኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩትና ጠየቅኩ። «ቢሻን ሆኣ ቀብዱ?» ሙቅ ውሃ አላችሁ ወይ ማለቴ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል። አንዲት ወጣት ሴት «ኤዬ፣ ቀብና» አለችኝ፤ አዎ፣ አለን። ቀጥላ ብዙ ነገር ተናገረች፤ መሐሉ ላይ ደጋግማ ያለችውን ቃል «ሆኣ፣ ሆኣ» ብዬ ሰማሁት። ለቅዳሜ አንድ ክፍል ያዝኩ።

ስልኩን ስዘጋ የእናቴ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆሞ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አየችኝ። «ደስ ብሎሃል?» አለችኝ። ካንቺ ይልቅ፣ አልኳት። ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባችና ከሳጥኗ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይዋ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍል ውሃ ይዛው የምትወርደው። ከፈረሰው ቤት ይዛው መምጣቷን አላውቅም ነበር። እሱን ሳይ እምባዬ መጣ፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከባልደረባዬ በተዋስኳት ቪትዝ ተነሳን። ልጆቹና ባለቤቴ ቤት ቀሩ። በመሐል ከተማ ማለፍ እንዳይኖርብን በቡራዩ ዞረን ልንሄድ ወስኜ ነበር። ወስነን ሳይሆን ወስኜ ነው የምለው፤ እሷ ጋቢዋን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ቡራዩ ላይ ሻይ ጠጣን። ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣ አቋራጭ አለ ብለው ነገሩኝ፤ መኖሩስ አለ። ድንጋይ የጫኑ መኪናዎች አቧራቸውን እያለበሱን፣ የቪትዟ ሆድ መሬቱን እየጠረገ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። እናቴ አንድም ጊዜ አላማረረችም። ሜዳው ሲከፈት፣ የታጨደ ሣር ክምር መታየት ሲጀምር፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እንዲነፍስባት ጠየቀችኝ። በጥቅምት ብርድ ምን ያደርግልሻል ብዬ እኔው መልሼ ዘጋሁት።

ሆቴሉ አለ። በዚህ አልተዋሸንም። እንግዳ መቀበያው ላይ በስልክ ያነጋገረችኝ ልጅ ሁለት ጃኬት ደርባ ቆማለች። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም አለችን፤ ቦይለሩም ስለዚህ አይሠራም። ችግር የለም፣ አልኳት በኩራት፤ እኛ የመጣነው ለቦይለር አይደለም። ክፍላችን ውስጥ ሁለት አልጋ፣ የነብር ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ። አንሶላው ታጥቦ ሳይደርቅ የተነጠፈ ይመስል እርጥብ ነው። የመታጠቢያውን ቧንቧ ስከፍተው አጉረምርሞ ዝም አለ። ለምሳ ዝርዝሩን ስናነብ ያነሳነው ሁሉ አልቋል። በጥቅምት አንድ አጥንት እያለ አበሻ በሚተርትበት ወር፣ በከብት አገር መሐል፣ ሽሮ በላን።

ብስጭቴን ዋጥኩት። ውሃው ይበቃናል፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ልጅቷን የሚፈላው ውሃ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና፣ ሆራውን ከሆነ ከጓሮ በኩል ቁልቁል ነው፣ አሁን ግን ከብቶቹ ገብተዋል አለችኝ። የከብቶቹን ነገር ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት። እናቴ ድንጋይዋን በመሐረቡ ይዛለች። ክንዷን ደግፌ፣ በየአሥር እርምጃው እያረፍን ወረድን።

ሜዳው መሐል ውሃ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ነው። እንፋሎት ግን የለም። ዙሪያውን የተረገጠ ጭቃ ነው፤ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው የገቡ ሃያ የሚሆኑ ከብቶች አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ። በትር የያዙ ሽማግሌ ዳር ላይ ቆመዋል። ጫማዬን አበላሽቼ ተጠጋሁና እጄን ከተትኩ። እስከ ክርኔ ድረስ አጥንቴን ቆረጠመኝ።

«አባቴ፣ የሚፈላው የትኛው ነው?» አልኳቸው። ሽማግሌው አልገባቸውም። ያቺን አርባ ቃሌን ይዤ ተነሳሁና «ቢሻን ሆኣ» አልኳቸው። ቀስ ብሎ ገባቸው መሰለኝ ፊታቸው በራ። ከት ብለው መሳቅ ፈልገው ለእንግዳ ክብር ሲሉ እንደያዙት ያስታውቃል። በሚኮላተፍ አማርኛ፣ እንደ ተማሪ ቆሜ ሳለሁ አስረዱኝ። «ልጄ፣ ሆኣ እሳት ላይ የጣዱት ነው። ይሄ ሆራ ነው። ሆራ ለከብት ነው፤ ጨው ጨው ይላል፤ ወተት ይጨምራል። ሰውም ለሆዱ ይጠጣል።»

ሆኣና ሆራ። ሃያ ዓመት ፊደል ለቅሜ የኖርኩ ሰው በአንዲት «ራ» ተሸነፍኩ። ልጅቷ የእኔን ሆኣ ሆራ ብላ ሰማች፤ እኔም የእሷን ሆራ ሆኣ ብዬ ሰማሁ፤ ሁለታችንም ተግባብተን ስልኩን ዘጋን። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠቤ ነው። እናቴን ዞሬ ማየት አፈርኩ። ይህችን የታመመች ሴት ከሞቀ አልጋዋ አንስቼ፣ በአቧራ አንገላትቼ፣ የላም መጠጫ ላሳያት አመጣኋት።

ያን ጊዜ ከጀርባዬ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። የምትናገረው ግን አማርኛ አይደለም። ሽማግሌው «አካም ጂርቱ» ብለው ሰላም ብለዋት ኖሯል፤ እሷ «ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» ብላ መለሰች። እንደዚያ ያለውን ሰላምታ እኔም አውቀዋለሁ። እሷ ግን በዚያ አላበቃችም። ቀጠለች። ሳትደነቃቀፍ፣ እጇን ወደ ተራራው እየዘረጋች፣ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው መለሱ፤ ደግማ ጠየቀች፤ ሁለቱም ሳቁ። ድምፁ የእናቴ ነው፤ ነገር ግን ቀለል ያለ፣ የልጅ ድምፅ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ እናቴ ውስጥ የማላውቃት ሴት ቆማ ሳያት ደነገጥኩ።

ሽማግሌው ከብቶቻቸውን ሊያወጡ ሲሄዱ እኛ ሣሩ ላይ፣ ጋቢዋን አንጥፈን ተቀመጥን። ከየት አመጣሽው አልኳት። ከየት አመጣዋለሁ፣ የአፍ መፍቻዬ ነው አለችኝ። አክስቷ ከተማ ሲያመጧት በአማርኛ እንድትናገር ነገሯት፤ ተናገረች፤ አገባች፤ ወለደች፤ የሚያናግራትም ጠፋ። እንደረሳችው ነበር የምታስበው። ሰበታ ስትመጣ ግን አጥሩ ጥግ ከሚቀመጡት ሴት ጋር ቃል በቃል ተመለሰላት። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ምን ስናወራ ይመስልሃል አለችኝ። እኔ የት እንደተወለደች አውቅ ነበር። በምን ቋንቋ አፏን እንደፈታች ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ቆይቶ ሌላው ነገር ገባኝ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። እጇ ሽንኩርቱ ላይ የቆመው ለዚህ ነው።

«ሰምተሻል ማለት ነው» አልኳት። «ሆራ እንዳለች ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላውንም አወጣችው። «ቤቱ ሲፈርስ ያቺ የቀበሌው ቢሮ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ማዘር ከጎረቤቶችዎ ጋር ኮንዶሚኒየም መግባት ይፈልጋሉ ወይ ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ። አንተ ቀድመህ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ አልካት። ሳይጠሩት አቤት። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር እኮ።»

ያንን ቀን አስታወስኩት። ወረፋው፣ ወረቀቱ፣ የልጅቷ እስክሪብቶ። እናቴ ከጎኔ እንደቆመች አስታውሳለሁ፤ አፏን መክፈቷን ግን አላስታውስም፤ እኔ እየተናገርኩ ነበራ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ለቤተሰቤ ሁሉ በስልክ ያወራሁት እናቴን እንዴት እንዳልጣልኳት ነበር። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ቀረሁ።

ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ፈክቶ ነበር አለችኝ፤ ከስንት ወር በኋላ መሆኑ ነው፤ ያንን ልታጠፋብኝ አልፈለገችም። ደግሞም ሆራ ማየት ፈልጋ ነበር። አባቷ ከብቶቹን በወር አንዴ ሆራ ሲነዱ እሷን በአህያ ላይ ያስቀምጧት ነበር። ይሄኛው ይሁን ሌላ አታውቅም፤ ሽታው ግን ያው ነው። ድንጋዩንስ ለምን ያዝሽው አልኳት። «ተረከዝ በቀዝቃዛም ይፈገፈጋል» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ደግሞ አለቀስኩ።

ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ወደ ክፍላችን ተመለስን። ብርዱ ጠንቶ ነበር፤ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ጉልበቷን ታሻለች። ብርድ ልብሱን ልደርብላት፣ ሻይ ላምጣላት፣ መኪና ውስጥ ገብተን እንመለስ ልላት ሦስቱም በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጡ። ያዝኳቸው። ቀላል አልነበረም። «እማዬ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ጥያቄውን ያልለመደችው መሆኑ ያስታውቃል። «እግሬን የምነክርበት ሙቅ ውሃ» አለች በመጨረሻ።

ሄጄ ለልጅቷ ነገርኳት። አሁን በአማርኛ ነበር። ሙቅ ውሃማ በጋዝ እናፈላለን አለችኝ፤ እሷ ራሷ የፒያሳ ልጅ ናት፤ በስልክም ያኔ በአማርኛ ብጠይቃት ኖሮ ፍል ውሃ እንደሌላቸው ትነግረኝ ነበር። ኦሮምኛዬን ስትሰማ ግን የአካባቢው ሰው መስዬአት፣ አዲስ የለመደችውን ልትሞክርብኝ ፈልጋ ነው። ሁለት ተማሪዎች ነበርን ያን ቀን በስልክ ላይ የተገናኘነው። ስለ ሆቴሉ ልቆጣት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከውስጤ ጠፋ። በሳፋ ሙሉ ውሃ አመጣች፤ ጨውም ጨመረችበት፤ እናቴ እግሯን ስትከት ዓይኗን ጨፈነች። ድንጋዩን ተቀብዬ ተረከዟን ፈገፈግኩላት። ልጅ ሆኜ እንደጮህኩት አልጮኸችም፤ «ቀስ» ብቻ አለችኝ።

ወንድሟ ጋ የምትሄደው ልትኖር እንደሆነ ያን ጊዜ ጠየቅኳት። አዎ፣ ልትቀር ነበር ያሰበችው። ሰው የሚያናግራት አገር ሄዳ መሞት ፈልጋ ነበር። አሁንስ አልኳት። «አሁን ጠየቅከኝ» አለች፤ «ላስብበት።»

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ፎቶው ፊቴ ነበር። ሆራው ላይ ነጭ ነገር እየተነሳ ይንሳፈፋል። የሱሉልታ ጉም ነው። ያነሳው ሰው በማለዳ ተነስቶ ነበር ማለት ነው፤ እሱም አልዋሸም። እናቴን ጠርቼ አሳየኋትና ጎን ለጎን ቆመን ትንሽ አየነው።

ከሱሉልታ ወርደን ከተማው ጫፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ቀኝ ከታጠፍኩ በአስኮ አድርጌ ከተማውን እዞራለሁ፤ ቀጥ ካልኩ ፒያሳን አልፌ የፈረሰው ሰፈር እደርሳለሁ። ፍሬቻዬን ለቀኝ አብርቼ ነበር። አጠፋሁትና ዳር ይዤ ቆምኩ። በየት እንሂድ አልኳት። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ እናቴ አሰበች። «በመሐል» አለች።

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አልጣለችም። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሣርና ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። መኪናውን አቀዝቅዤ ሳልፍ በመስኮት በጣቷ አሳየችኝ። «ምድጃዬ እዚያ ጋ ነበር። ወንበር አድርገውበታል። ይሁን፣ ሰው ይረፍበት።» ፍል ውሃው ጋ ስንደርስ ላስገባሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዛሬ አይሆንም፣ የምገባው ከሴቶቹ ጋር ነው አለች፤ ኮንዶሚኒየም የገቡትን ጎረቤቶቿን ማለቷ ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንድደውልላቸው አዘዘችኝ። ድንጋዩን ከመሐረቡ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ሰበታ ስንደርስ ጎረቤታችን አጥሩ ጥግ ነበሩ። እናቴ ከመኪና ወርዳ፣ እኔን ወደ ግቢ ሳታስከትል፣ ወደ እሳቸው አዘገመች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት ከማየት ይልቅ አጠገባቸው ቆምኩ። የት እንደነበረች ጠየቋት፤ «ሆራ» ስትላቸው ወደ እኔ አይተው ሳቁ፤ የስልኩን ታሪክ ገና ሳንሄድ ነግራቸው እንደነበር ገባኝ። ቀጥለው ሌላ ነገር ጠየቁ። «ኦቦሌሳ» የሚለውን ያዝኩ፤ ወንድም ማለት ነው። እናቴ ስትመልስ «ነን ገላ» አለች። ጎረቤታችን ክንዷን ያዝ አድርገው ደገሙት፦ «ገላ? ዱጋ?» ዱጋ እውነት ማለት ነው። እሷም ራሷን ነቅንቃ «ነን ገላ» አለች እንደገና።

ገላ ስትል ስለ መታጠብ ነው፣ ስለ ፍል ውሃው ቀጠሮ እየነገረቻቸው ነው ብዬ ልጨምርበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። አርባ ቃሌን አላመንኩትም። ሴትየዋ ወደ ቤታቸው እስኪገቡ ጠብቄ «ምን ብለው ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ወንድምሽ ጋ ሄደሽ ልትቀሪ ነው ወይ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

ክንዴን ተደግፋ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች። ገላ በእኛ ገላ ነው፣ በእነሱ ግን ወደ ቤት መግባት ነው ብላ አስረዳችኝ።

«ወንድሜን ጠይቄ ቤቴ እገባለሁ አልኳቸው» አለችኝ።